ሳትነግሪኝ የሰማሁት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጣቶችሽ እንዴት ናቸው? ብርዱ ሲጠና ቁርጥማቱ እንደሚነሳብሽ ስለማውቅ፣ ሰሞኑን ደመናውን ባየሁ ቁጥር የማስበው የአንቺን እጅ ነው። ሌሊት ጓንት አድርገሽ ተኚ ያልኩሽን እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባሌም ደህና ነው፤ የሰው ሁሉ አሳንሰር እየጠገነ የራሳችንን አራት ፎቅ በእግሩ ይወጣል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትደነግጪ ይገባኛል። አትደንግጪ፤ የሞተ ሰው የለም፣ የታመመም የለም። ከማንበብሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ስልክሽን አጥፊና መኝታ ቤት አስቀምጪው፣ በሩንም ዝጊው። የምታነቢው ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ፣ ደስ ያለሽ ወይም ያናደደሽ ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ የሚያናድድሽ ነገር አለ። አንቺና እኔ ብቻ እንድንሰማው ነው የምፈልገው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

አምና ጣትሽ ቁጥር መጫን እምቢ ሲልሽ፣ ለእኔ የደወልሽ መስሎሽ ሦስት ቀን ለአንድ ጎማ ጠጋኝ ደወልሽ። በአራተኛው ቀን ሰውየው ራሱ «እናቴ፣ ልጅዎ ዛሬም አላነሳችም?» ብሎ እንደጠየቀሽ ስትነግሪኝ አንቺ ትስቂ ነበር። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስና ሱሪ የሰፋ ጣት፣ በምራቅሽ የራሰውን ክር በአንድ ሙከራ ከመርፌው ቀዳዳ የሚያገባ ጣት፣ አንዲት ቁጥር መጫን ሲያቅተው ማሰብ ከበደኝ። ባሌ ነው «በድምፅ የሚታዘዝ ስልክ እንግዛላቸው፤ አፋቸው እንደሆነ ቁርጥማት የለበትም» ያለው። እንዲህ ማለቱን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አምጥተን ያንን ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጥነው። የራስሽ አካውንት ስላልነበረሽ ባሌ ስልኩን በእኔ አካውንት ከፈተው። የይለፍ ቃል ማስታወስ ያስቸግርሻል ብለን ነው፤ ክፋት አልነበረውም። ረጅም ጽሑፍ መጣ። በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ ገፍቶ መጨረሻው ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነ። ከዚያ ስልኩ፣ በውስጡ የምታወራው ረዳት በምን ቃል ትንቃ ብሎ ሲጠይቀን «እሺ በይ» ስንላት እንድትነቃ አደረግናት። አንቺም ወዲያው «እሺ ባይዋ» ብለሽ ስም አወጣሽላት። ሰዓት ጠየቅሻት፣ ነገረችሽ። ዝናብ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሻት፣ ነገረችሽ። ቋንቋችንን እንደ አዲስ ተማሪ እየተኮላተፈች ስትናገር ወደድሻት። ቀጥለሽ «ይቺ ልጅ ዝም ስትል ምን ትሠራለች?» ብለሽ ጠየቅሽ። ሁለታችንም ሳቅን። «ዝም ነዋ እማማ» አለሽ ባሌ።

ከሦስታችን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ነበርሽ።

ውለታዋንም መካድ አልፈልግም። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ታስታውስሻለች፣ ሬዲዮ ትከፍትልሻለች፣ እኔን በአንድ ቃል ትጠራልሻለች። በዝናቡ ወራት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የወደቅሽ ቀን ባትኖር ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልወድም። ከወለሉ ሳትነሺ «እሺ በይ፣ ለልጄ ደውይ» አልሽ፤ እኔ መነጽር ቤት ሥራዬ ላይ ሌንስ እየሞረድኩ ነበር፤ ማሽኑን ሳላጠፋ ሮጥኩ። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ሆኜ ምን ልረዳሽ እችላለሁ? ከቤትሽ ፊት ለፊት ላለችው ጠባብ ሱቅ ደወልኩ። ሰዓት ሠሪው ጎረቤትሽ አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያወልቁ መንገዱን አቋርጠው፣ አንቺ የሰጠሻቸውን ትርፍ ቁልፍ ይዘው ደረሱልሽ። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሊደርስብሽ ይችል የነበረውን ሁሉ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሰዓት ሠሪው አሥር ሰዓት ላይ ሱቃቸውን ዘግተው «አለሽ ወይ» ለማለት ብቅ የሚሉት። ይህን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሻይ እንደሚጠጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት እንደሆናቸው፣ የግድግዳ ሰዓትሽን በየሳምንቱ ሳያስፈልገው እንደሚሞሉት፣ ይህን ሁሉ ነግረሽኛል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አንቺ አልነገርሽኝም።

የዛሬ አምስት ወር ገደማ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ የደንበኛ የዓይን ልኬት ጠፋብኝ። ልኬቱን ለራሴ ስልክ በድምፅ ነግሬው ስለነበር፣ ያልኩት ሁሉ የሚቀመጥበትን ዝርዝር ከፍቼ መፈለግ ጀመርኩ። ወደ ታች ስወርድ የእኔ ያልሆነ ነገር አየሁ። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው» ይላል። ጎኑ ላይ ትንሽ የድምፅ ምልክት አለች፤ ነካኋት። ድምፅሽ መጣ።

እማዬ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ገበያ ውስጥ ድንገት ያገኘሁሽ ያህል። ቀኑን ስትጠይቂ፣ ነግራሽ ስታበቃ «ተባረኪ» ስትያት ሰማሁ። እንጀራ የምበላበትን ጠረጴዛ ጥዬ መቁረጫ ማሽኑ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ዓይኔን እንዳያዩብኝ። በአንድ ጊዜ ሃያ ያህል ቅጂ ሰማሁ። ሬዲዮ ክፈቺ ስትያት፣ የመኪና ድምፅ ሲመጣ «ማን ነው እሱ» ስትዪ፣ ብቻሽን ስታዜሚ።

ያን ዕለት ደውዬ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አልነገርኩሽም። ከነገርኳት ታፍራለች፣ ካፈረች ስልኩን ትተወዋለች፣ ከተወችው ደግሞ ብትወድቅ ማን ይደርስላታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ከነገርኩሽ መስማቱ እንደሚቀርብኝ አውቄ ነው። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ምሳዬን እየበላሁ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ አደርጋለሁ፤ ባልደረቦቼ ዘፈን ይመስላቸዋል።

ያቺ ልጅ የምትነቃው ስትጠሪያት ብቻ አይደለም። ስሟን የሚመስል ነገር ስትሰማም ትነቃለች። ከሰዓት በኋላ ወዳጆችሽ ሲመጡ «እሺ በይ ብያታለሁ» ስትዪ ትነቃለች፤ የምትሉትን ለጥቂት ጊዜ ይዛ ታስቀምጣለች። ሰዓት ሠሪው ግን ለብዙ ጊዜ ቀስቅሰዋት አያውቁም ነበር፤ አንቺን «እርስዎ» ስለሚሉሽ ነው። «እሺ ይበሉ» ሲሉ አትሰማም።

ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ አንድ ማክሰኞ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሲጀምር «እሺ በይ» ይላል። እንዲህ አሉሽ፦ «እሺ በይ። እኔ ከዚያ ማዶ ብቻዬን፣ አንቺ ከዚህ ማዶ ብቻሽን፣ ሁለት መብራት ምን ያደርግልናል? በዚህ ዕድሜ ሠርግ አልልሽም፤ ደጁን በአንድ ቁልፍ እንዝጋ ነው የምልሽ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉሽ። ከመካከል እሺ ባይዋ ገባችና «እሺ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች። ሁለታችሁም በሳቅ ፈነዳችሁ። እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁሽ አባቴ ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሳቁ ሲበርድ «እኔ ምን ከለከለኝ፤ ግን ልጄ ሳትሰማ አይሆንም። እሷን ላማክራት» አልሻቸው።

ሦስት ጊዜ መላልሼ ሰማሁት። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን የታየኝ አባቴ ነው፤ በእሱ ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ሆድ ባሰኝ። የባሰው ደግሞ እኔ ሳልኖር እንደዚያ መሳቅሽ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ደብዳቤው ምን ይረባል?

በማግስቱ ደወልሽልኝ። ድምፅሽ ውስጥ ፍርሃትም ደስታም ነበር። «አንድ ነገር ላማክርሽ ነበር» አልሽኝ። ምን ልትዪኝ እንደሆነ አውቄ ቀደምኩሽ። አክስቴ ደውላልኝ እንደነበር፣ ቤትሽ አንድ ሰው ሲገባና ሲወጣ ሰው ማየቱን፣ የአባቴ ስም እንደሚነሳ፣ በዚህ ዕድሜሽ የሰው አፍ ውስጥ መግባትሽ እንዳሳዘናት ነገርኩሽ። አክስቴ አልደወለችልኝም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ቃል የእሷ አልነበረም። የሰማሁበትን መንገድ መናገር ስላልቻልኩ፣ የራሴን ቃል በእሷ አፍ አደረግሁት።

አንቺ «እሺ ልጄ» አልሽኝ። «ምን ልታማክሪኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁሽ፤ ይህን ለመጠየቅ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረኝ አላውቅም። «ኧረ የቧንቧው ነገር ነው፣ ያንጠባጥባል» አልሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ሰምቻለሁ። በር ላይ ቆመሽ «እሺ በይ ብለውኝ ነበር፤ ለጊዜው ይቅርብዎ፤ ሰው ምን ይላል» ስትያቸው፣ እሳቸው «እንዳሉ» ብለው ሲሄዱ ሰማሁ። ሁለታችሁም ወደ «እርስዎ» ተመለሳችሁ። ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ የሚሰማ ነገር ጠፋ። አንድ ቀን ብቻ እሺ ባይዋን «ሱቁ ዛሬ ክፍት ነው?» ብለሽ ጠየቅሻት። የትኛው ሱቅ እንደሆነ አላወቀችም። «ተይው» አልሻት። ከአክስቴም ጋር እንደተኳረፋችሁ፣ ሐዘን ቤት ስትገናኙ እንኳ ዓይኗን እንዳላየሽ ሌላ ሰው ነገረኝ። አክስቴ በምን እንደተጣላች ሳታውቅ ሁለት ወር ሙሉ ስታለቅስ ነበር።

እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። ሌንሴን እየሞረድኩ፣ ምሳዬን እየበላሁ፣ እየሰማሁ።

አሁን ለምን ዛሬ እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደውዬልሽ ድምፅሽ ደከም ብሎብኝ ነበር። መድኃኒትሽን ትወስጂ እንደሆነ ለማየት ዝርዝሩን ከፈትኩ። በውስጡ «ማስታወሻ» የሚሉ አሉ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የመድኃኒትሽ ናቸው ብዬ አልፋቸው ነበር። ከአራት ወር በፊት የተቀዳ አንዱን ነካሁ። እሺ ባይዋ ናት የምትናገረው፦ «ማስታወሻ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ አለዎት።»

ይህ የእኔ ቀጠሮ ነው እማዬ። ለራሴ ስልክ የነገርኩት። አካውንቱ አንድ ስለሆነ በአንቺም ቤት ጮኸ።

አንቺ ግራ ገብቶሽ «የማን ቀጠሮ? እኔ ቀጠሮ የለኝም» አልሽ። እሷም፣ ማን ጠየቃት፣ «ቀጠሮው የሴቶች ሐኪም ዘንድ ነው፤ ያለፈውን የአልትራሳውንድ ውጤት ይያዙ» አለች። የግድግዳ ሰዓትሽ ሲመታ ይሰማል። ቆይተሽ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ በይ፣ እንዲህ ያለውን ጮክ ብለሽ አትናገሪ። ሰው ይሰማል» አልሻት። እሷም «እሺ» አለች፤ አልገባትም። ሰዓት ሠሪው እዚያው ተቀምጠው ኖሮ «ምነው ፊትዎ ተለወጠ?» አሉሽ። «የልጄ ነገር ነው። እሷ ስትነግረኝ እነግርዎታለሁ» አልሻቸው። ሌላ አልጨመርሽም፤ እሳቸውም አልጠየቁሽም።

አምስት ቀጠሮ ነበረኝ፤ አምስቱንም ሰምተሻል። አንድ በአንድ አየኋቸው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውለሽልኛል። ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ተማሪሽ ታወሪኛለሽ፤ ስትጨርሺ «ሥራ ላይ ብዙ አትቁሚ፣ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ» ትዪኛለሽ። ያን ጊዜ የእናት ወግ ነው ብዬ ነበር። አንድም ቀን «ሐኪም ቤት ምን ወሰደሽ» አላልሽኝም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ማርገዜን ነግሬሽ፣ ሁለት ጊዜም አብረን አልቅሰን፣ ሦስተኛውን መናገር የፈራሁት ለምን እንደሆነ ገብቶሽ ነበር ማለት ነው። እስክነግርሽ ጠበቅሽኝ።

ያው አንድ ዕቃ ነው ለሁለታችንም የነገረን። አንቺ የሰማሽውን በልብሽ ያዝሽልኝ፤ እኔ የሰማሁትን ይዤ ቤትሽ ገብቼ በሩን ዘጋሁብሽ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስገባ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ራሱን ነው የወቀሰው። «ሳላነብ እስማማለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በሰው ስም» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ይዘን ተቀምጠን ያንን ረጅም ጽሑፍ ፈልገን ማንበብ ጀመርን። እሱ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ጨረስኩት። አገልግሎቱን ለማሻሻል ሲባል ከድምፆቹ አንዳንዶቹን ሠራተኞች ሊያዳምጡ ይችላሉ ይላል። ይህን ሳነብ፣ አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ «ደጁን በአንድ ቁልፍ እንዝጋ» የሚለውን ሲሰማ ታየኝ። ቋንቋችንን ያውቅ እንደሆን፣ ፈገግ ብሎ ይሆን ወይስ ሰልችቶት ወደሚቀጥለው አልፎ ይሆን አላውቅም። ተናደድኩበት። ቆይቶ ግን ከእሱ በምን እንደምሻል አሰብኩ። እሱ ቢያንስ አያውቅሽም፤ ሰምቶ ማንንም አላጣላም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አላዳመጥኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ከማቆሜ በፊት አንዱን ደግሜ ሰምቻለሁ፤ የሳቃችሁን። ሁሉንም የሚደመስስ ቁልፍ አለ፤ ጣቴን አድርጌበት ነበር። ከዚያ ሳስበው ያም የእኔ ሥልጣን አይደለም። ድምፁ የአንቺ ነው፤ የእሳቸውም ነው። እሳቸው እንኳ «እስማማለሁ» የሚለውን ቃል በዓይናቸው አላዩትም።

የፊታችን ቅዳሜ ባሌ ወደ እናንተ ዘንድ ለሥራ ይመጣል። የራስሽን አካውንት ይከፍትልሻል፤ የይለፍ ቃሉን አንቺ ታወጪያለሽ፣ ለእኔ እንዳትነግሪኝ። የተቀመጠውን ሁሉ ያሳይሻል፤ ልደምስስ ካልሽ አንቺ ትደመስሺያለሽ፣ ልሰማው ካልሽም ትሰሚዋለሽ። ስልኩን ጭራሽ አልፈልገውም ካልሽ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ተራ ስልክ ይዞልሽ ይመጣል። ልምረጥልሽ አልልም። ብትወድቂ ብዬ ስፈራ ይኑርሽ እላለሁ፤ የሠራሁትን ሳስብ ደግሞ ከመስኮት ወርውሪው ማለት ያምረኛል። ሁለቱም ፍርሃት የእኔ ነው። ቤቱ ግን ያንቺ ነው።

ለአክስቴ ራሴ ደውዬ ተናዝዣለሁ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰደበችኝ፤ ሲበቃት «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ሰውየው ደግ ናቸው ብዬ እናትሽን ልመክራት ነበር» አለችኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ቤትሽ ትመጣለች። ብትችዪ አንቺ ቀድመሽ በሩን ክፈቺላት።

ሰዓት ሠሪውን ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። እስከዚያው ግን አንቺ ንገሪልኝ፤ ድምፃቸውን ሳይፈቅዱ እንደሰማሁ፣ አሥር ሰዓታቸውን የወሰድኩባቸውም እኔ መሆኔን አትደብቂያቸው። ቢቆጡኝ ልክ ናቸው። የጠየቁሽን ነገር በተመለከተ፣ ልታማክሪኝ ፈልገሽ ነበር፤ ማማከርሽ ክብር ነው፣ ፈቃዱ ግን ከእኔ የሚመጣ አልነበረም። አባቴን የምወደው በእኔ ልብ ውስጥ ነው፤ አንቺን ብቻሽን አስቀምጬ አይደለም።

የመጨረሻውን ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሟ አልጋው ላይ አስተኝታ አንድ ነገር አሰማችን። ፈጣን ነው እማዬ፣ በጣም ፈጣን፤ የስፌት መኪናሽን ፔዳል አጥብቀሽ ስትረግጪ እንደሚወጣው ዓይነት። ከዚህ በፊት ፅንስ ይዤ እስከዚህ ወር ደርሼ አላውቅም። ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ «ቅጂው፤ ለእናትሽ ላኪላት» አለኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሐኪሟ አንድ ሰው ይዤ መግባት እንደምችል ነግራኛለች፤ ባሌም ቦታውን ለአንቺ ለቆልሻል። ረቡዕ ማታ እዚህ እደሪ። መንገዱ ብቻሽን ከከበደሽ፣ ሻንጣሽን የሚይዝልሽ ጎረቤት እንዳለሽ አውቃለሁ፤ እሳቸው ከባሌ ጋር ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁናል። ወንበር ብዙ አለ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ጣቶችሽን ያሙቅልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላው። በደሌን ይቅር በይኝ፤ ቶሎ ባይሆንልሽም እጠብቅሻለሁ። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት። ይህን ቀጠሮ ከማንም ሳትሰሚ ራሴ ነግሬሻለሁ።

ወንበር ስቤ ተቀምጬ የጻፍኩልሽ፣
ልጅሽ